አሻግሬ የማይሳፈርባት መኪና

እሑድ ማለዳ ደባርቅ ላይ፣ በሊማሊሞ አፋፍ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስኬደውን መንገድ የያዘ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አሻግሬ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቀኝ ጉልበቱን እያባበለ፣ በከዘራው ጠጠሩን እየነካካ ይሄዳል። ከጎኑ፣ ልክ ከጎኑ፣ አንዲት ሰማያዊ ቶዮታ ፒካፕ በእሱ እርምጃ ልክ ታዘግማለች። መሪውን የያዘችው ልጁ ሃና ናት። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ትለምነዋለች።

«አባዬ፣ ግባ።»

«ሂጂ።»

«ጉልበትህ እኮ ነው።»

«ጉልበቱ የኔ ነው፤ መኪናዋ ያንቺ ናት። ሂጂ።»

«ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። እንዲያየን አይደል በእግሬ የምሄደው?»

ከኋላ ካሶኒው ላይ ለቅዳሴ የተሳፈሩት አሮጊቶች ይንጫጫሉ። አንዷ ጠና ያሉት ደግሞ አንገታቸውን በጎን ብቅ አድርገው፣ «አንተ ሰው፣ ወይ ግባ ወይ እኛን ልቀቀን፤ ወንጌል ሊነበብ ነው» ይሉታል። አሻግሬም ከዘራውን ከፍ አድርጎ ያሳልፋቸዋል። ሃና አንዴ ጥሩንባዋን ነፍታ በንዴት ትፈተለካለች፤ ትንሽ ሄዳ ግን ትቆምና ትጠብቀዋለች። እሱም ደርሶ ያልፋታል። እንዲህ እየተላለፉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይደርሳሉ፤ ብዙውን ጊዜ እኩል።

ነገሩን ለማያውቅ አባትና ልጅ የተኳረፉ ይመስለዋል። ኩርፊያ የለም። እንዲያውም በደባርቅ እንደነዚህ ሁለቱ የሚዋደዱ አባትና ልጅ ፈልጎ የሚያገኝ ካለ ይምጣና ያሳየን።

አሻግሬ ዕድሜውን ያሳለፈው በዚያች መኪና መሪ ላይ ነው። ከአምባራስ ገብስ፣ ከጃናሞራ በግና ድንች እየጫነ ለቅዳሜ ገበያ ያደርስ ነበር። ሌላውን ቀን ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ይደርስና በሙቀቱ ላቡን እየጠረገ፣ ሎሚና ማንጎ ጭኖ ወደ ብርዱ ይመለስ ነበር። ሚስቱ አበባየሁ ሃናን ጡት ሳታስጥል ነው ያረፈችበት። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ «ወንድ ልጅ ሕፃን አያሳድግም፤ ለእኛ ስጠን» አለው። አሻግሬ ቁጭ ብሎ ሁሉንም አዳመጠ፤ አመሰገነ፤ በማግስቱ ጋቢውን አጣጥፎ ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ አነጠፈና ሕፃኗን አስተኝቶ ወደ ሥራው ሄደ።

እንዲህ ነው ያደገችው። ስታለቅስ ተሳፋሪ ሴቶች እየተቀባበሉ ያባብሏታል፤ የምታጠባም ካለች ታጠባታለች። የመጀመሪያ ጥርሷ ሊማሊሞ ጥምዝምዙ ላይ ብቅ አለ። አፏን ስትፈታም «አባ» አላለች፤ «እማ»ም አላለች። ካሶኒው ላይ ያለ ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ ጠብ ጠብ ያደርግና «ወራጅ አለ» ይላል፤ ይህንኑ ቀኑን ሙሉ ስትሰማ የዋለች ልጅ አንድ ቀን ትንሽ እጇን በሩ ላይ መታ መታ አድርጋ፣ «ወላጅ» አለች። አሻግሬ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመና አለቀሰ። ተሳፋሪው ጎማ የፈነዳ መስሎት ወረደ።

እናት የሌላት ልጅ የምትለብሰው የሰው ልብስ ነው። ቀሚሷ የአክስቷ ልጅ የጠበባት፣ ጫማዋ አንዲት ተሳፋሪ ለልጇ ገዝታ ያልሆናት፣ ቦርሳዋ ከቄሱ ቤት የተረፈ። አሻግሬ አዲስ ነገር መግዣ አጥቶ ብቻም አይደለም፤ ለሴት ልጅ ምን እንደሚገዛ ስለማያውቅ ሰው የሰጠውን ሁሉ እያመሰገነ ይዞላት ይገባ ነበር። እሷም ተቀብላ፣ ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ ምንም ሳይከፋት ትጠይቀዋለች።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ነበር?»

ይህች ጥያቄ አሻግሬ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ልጅቷ አደገች፣ መንዳት ተማረች፣ «ሴት ልጅ ለሊማሊሞ?» ያላትን ሁሉ በጥምዝምዙ እየጫነች ዝም አሰኘች፤ ጥያቄዋ ግን ከአባቷ ሆድ አልወጣችም። ስለዚህ ከዳባት የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ልጅ፣ የቄስ ትምህርት ቤት መምህሩ የሺዋስ፣ ሽማግሌ ልኮ በተፈቀደለት ጊዜ አሻግሬ ምን እንደሚሰጥ ካሰበበት ቆይቶ ነበር።

በሠርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ ማጫ ሊነገር ሆነ። የሁለቱም ወገን አባቶች ለተጋቢዎቹ የሚሰጡትን በሰው ሁሉ ፊት ቆመው የሚናገሩበት ሰዓት ነው። መሪጌታ ተነሡና ጥማድ በሬ፣ አንዲት የምትታለብ ላምና በጎች ሰጡ። ተራው የአሻግሬ ሆነ።

«ሰማያዊቷን መኪና ለልጄ ለሃና ሰጥቻለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ጨነቃቸው፤ ማጫ እኩል መሆን አለበትና መኪና ስንት በሬ እንደምትሆን የሚያውቅ ጠፋ።

«ትወልዳለች?» አሉ መሪጌታ።

«አትወልድም» አለ አሻግሬ።

«እበት ትጥላለች?»

«ዘይት ነው የምትጥል።»

«ሣር ትበላለች?»

«ናፍጣ ነው እንጂ።»

«እንግዲያስ ከበሬ ታንሳለች» አሉ መሪጌታ፤ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ዓይናቸው ብቻ እየሳቀ። ዳሱ በሣቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሆነም ቀረም እኩል ነው ተባለ።

ግን አንድ ነገር ቀረ። በዚያ አገር ከብት ሲሰጥ ሰጪው የራሱን ገመድ ከከብቱ አንገት ፈትቶ ያስቀራል፤ ተቀባዩ በራሱ ገመድ አስሮ ይወስዳል። ገመዱ ካልተፈታ ስጦታው አልተሰጠም። ሽማግሌዎቹም፣ «የመኪናዋ ገመድ የት አለ?» አሉ። አሻግሬ አሰበና ቁልፉን ከወገቡ አወጣ። ቁልፉ ከወጣትነቱ ጀምሮ በአንዲት የጠፍር ቁራጭ ተንጠልጥሎ ነበር። ጠፍሯን ፈታ፣ ኪሱ ከተተ፣ ባዶውን ቁልፍ ለሃና ሰጣት። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ጎንበስ ብላም በጆሮው ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ነበር?»

«የኔ ነበረች» አላት። «አሁን ያንቺ ናት።»

ከዚያ አሻግሬ ቀና ብሎ እንግዶቹን ቃኘ። በተሽከርካሪ ምዝገባው ቢሮ የሚሠራው ታደለ ከጥግ ተቀምጧል። «ታደለ፣ ሰምተሃል?» አለው።

«ሰምቻለሁ አያ አሻግሬ» አለ ታደለ።

አሻግሬም ልቡ ረጋ። መንግሥትም ሰማ፣ ሕዝብም ሰማ፣ ቤተ ክህነትም ሰማ። ከዚህ በላይ ማን ቀረ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው መኪናዋ ላይ መሳፈር የተወው። ማጫ የሰጠ ሰው የሰጠውን በሬ መልሶ ጠምዶ ካረሰበት፣ «ሰጥቶ መለሰ» ይባላል። ሕግ አይደለም፤ የሚቀጣም የለም። ወሬ ብቻ ነው። አሻግሬ ግን ያችን ወሬ ከሁሉ ፈራት። ልጁ በሕይወቷ የራሷ የሆነ አንድ ነገር አገኘች፤ እሱ ጋቢናው ውስጥ ከታየ ሰው «የአባቷ መኪና» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ጉልበቱ እስኪያብጥ ይራመዳል።

ጣጣው የመጣው ከዳባት ነው። ሃና ድንች አራግፋ ስትመለስ ከከተማው መውጫ ላይ ገዱ የሚባል ወጣት ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። ትሑት ልጅ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ሊብሬዋን ጠየቀ። የመኪናዋ ባለቤት ስም የተጻፈባትን ያችን ደብተር ገልጦ አየ።

«አሻግሬ የሚለው ማነው?»

«አባቴ ነው።»

«እሺ፣ የአባትሽን መኪና ነው የምትነጂ።»

ክፉ አላሰበም። ሃና ግን ጆሮዋ ቀላ።

«የአባቴ አይደለችም። የኔ ናት።»

«እዚህ ላይ እኮ የሳቸው ስም ነው ያለው።»

«እዚያ ላይ ይኑር። በሠርጌ ቀን በሰው ሁሉ ፊት ሰጥቶኛል። ደባርቅ ሄደህ ያገኘኸውን ሰው ጠይቅ።»

ገዱ አንገቱን ደፍቶ የነገረችውን አንድ በአንድ ጻፈ። መኪናዋ የተመዘገበችው ደባርቅ ስለሆነ ጽሑፉ ወደዚያው ተላከ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አሻግሬ በሩ ላይ መጥሪያ ተቀበለ። የባለቤትነት ለውጥ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ባለማሳወቅ ተከሷል። መነጽሩን አድርጎ አነበበና «ተከሳሽ» የምትለዋን ቃል በጣቱ ጫፍ ዳሰሳት፤ ከራሱ ስም ጎን ተቀምጣ ሲያያት ሌላ አሻግሬ ያለ መሰለው።

ሃና ስትሰማ መሬት ብትውጣት ወደደች። ነገሩን በአፏ ያመጣችው እሷ ናት።

አሻግሬ ወደ ሙሌ ሄደ። ሙሌ በጎረምሳነቱ የአሻግሬ ረዳት ሆኖ ካሶኒው ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ጥሩንባ የመሰለ ድምፁን ሰብስቦ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ይጽፋል። መጥሪያውን አንብቦ ጨረሰና ሳቀ።

«ይሄ ቀላል ነው።»

«እንዴት ቀላል ነው? ሕጉ መቀጮም እስራትም ይላል አሉኝ።»

«አሻግሬ፣ የስጦታ ውል ጽፋችኋል?»

«አልጻፍንም።»

«ፊርማ የለም፣ ማኅተም የለም። ስሙም ያንተ ነው። እንግዲህ ችሎት ቆመህ፣ ‹መኪናዋ የኔ ናት፤ ልጄ ትነዳልኛለች› ትላለህ። ባለቤት ካልተለወጠ ምኑን ነው የምታሳውቀው? ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። በምሳ ሰዓት ቤትህ ነህ።»

አሻግሬ መጥሪያውን ተቀብሎ አጣጠፈ።

«ምን ሆንክ? ነፃ አወጣሁህ እኮ።»

«መዝገብ ላይ ይጻፋል?»

«ምኑ?»

«የኔ ናት ማለቴ።»

«መጻፍማ ይጻፋል። ፍርድ ቤት ነው፤ ጠላ ቤት አይደለም።»

አሻግሬ ከዘራውን አነሣና ተነሣ። ሙሌ ከኋላው፣ «የወረቀት ነገር ነው፤ ቤታችሁ ስትገቡ ያው የሷ ናት» አለው። አሻግሬም ሳይዞር፣ «ዳሱ ውስጥ አንተም ነበርክ» ብሎት ሄደ።

ከቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሃና መጣች። ውሃ አሙቃ ጨው በተነችበት፤ ሱሪውን ሰብስባ ጉልበቱን በፎጣ ትይዝለት ጀመር። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታጠፋ እንዲህ ነው የምትሆነው፤ ይቅርታ አትልም፣ ትሠራለች።

«ሙሌ ነገረኝ» አለች።

«አፉ አያርፍም።»

«የኔ ናት በል አባዬ። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ መልሰህ ትሰጠኛለህ።»

«የት ቆሜ ልስጥሽ? ዳሱ ፈርሷል፤ እንግዳውም ሄዷል።»

«እኔ እኮ አውቃለሁ። እኔ ካወቅሁ ምን ጎደለ?»

«አንቺማ ታውቂያለሽ።» ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ። «ውሃው ቀዝቅዟል፤ ጨምሪበት።»

ሄዳ ጨመረችና ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ቢያስሩህስ?»

«ቢያስሩኝ በመኪናሽ ስንቅ ታመጪልኛለሽ።»

በዚያው እያለቀሰች ሳቀች። አሻግሬም ሳቀ፤ እሷ ከወጣች በኋላ ግን ብዙ ቆየና ብቻውን አሰበ። እስራቱን ፈርቶታል፤ አልፈራም ማለት ውሸት ነው። በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ጉልበቱ። ግን ችሎት ቆሞ «የኔ ናት» ሲል እንዴት እንደሚሰማ በልቡ ሞከረው። ሲሞክረው የሚታየው ዳኛ ሳይሆን፣ የሰው ቀሚስ ገልበጥ አድርጋ የምታይ አንዲት ትንሽ ልጅ ሆነችበት።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞላ። ለአንድ የመኪና ስም ይህን ያህል ሰው መምጣቱ ዐቃቤ ሕጉን ቴዎፍሎስን ገርሞታል፤ ጎበዝ ወጣት ነው፣ ከጎንደር መጥቶ ገና መቀመጡ ነው። ዳኛዋ ትሕትና ዝግ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲናገር ብዕሯን የምታስቀምጥ ሴት ናት።

ክሱ ተነበበ። «ድርጊቱን ፈጽመዋል?» ስትለው አሻግሬ፣ «አሳውቄያለሁ፣ ክብርት ዳኛ» አለ።

«ለማን?»

«ለሁሉም። ለታደለም ለይቼ ነግሬዋለሁ።»

ታደለ ለምስክርነት ተጠራ። ማለ፤ ቆመ፤ ላብ በላብ ሆኗል።

«ተከሳሹ መኪናዋን ለልጃቸው መስጠታቸውን ሲናገሩ ሰምተዋል?» አለችው ዳኛዋ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ ብለውም መልሰውላቸዋል?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመዘገቡም?»

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ የሄድኩት ለሠርግ ነው። አፌ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ነበረ።»

ችሎቱ በሣቅ ተንጫጫ፤ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዐቃቤ ሕጉ ግን አልሳቀም። «ቢሮ መጥተው አመልክተዋል?» ሲል ጠየቀ። ታደለ አሻግሬን ሰርቆ አየና፣ «አልመጡም» አለ።

ቀጥለው መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ገቡ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው እንደ ቅኔ ማኅሌት ሰፊ። ዳኛዋ ወንበር ይሰጣቸው አለች፤ ቆመው መናገርን መረጡ።

«እኔ የመጣሁ ስምዐ ጽድቅ ልሆን ነው፤ ለእውነት ልመሰክር። ይህ ሰው መኪናዋን ሲሰጥ ገመዱን ፈትቶ ነው የሰጠ። አሻግሬ፣ አሳያቸው።»

አሻግሬ ከኪሱ ያችን የጠፍር ቁራጭ አወጣ። አርጅታ ጠቁራለች፤ ቁልፉ የነበረበት ቦታ ግን ተጣምሞ ቀርቷል። ዐቃቤ ሕጉ ተቀብሎ አገላብጦ አየና መለሰለት።

«ተከሳሹ ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ላይ ተሳፍረው ያውቃሉ?» አለ።

«አንድም ቀን» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ ይህን በምን አወቁ?»

«ልጄን ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር ከአሻግሬ ጋር በእግሬ ነዋ የምሄድ። እሱ እየሄደ እኔ እንዴት ልሳፈር? ልጅቱ ከጎናችን ትነዳለች፤ እኛ እናዘግማለን። እኔንም እኮ ጨርሶኛል፣ ጌታዬ።»

አሁን ዐቃቤ ሕጉም ሳቀ። ቶሎ ብሎ በወረቀት አፉን ሸፈነ።

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰዉ ጸጥ እስኪል ጠበቀችና ወደ አሻግሬ ዘንበል አለች።

«አባቴ፣ ይህን በደንብ ያዳምጡኝ። የተጻፈ የስጦታ ውል የለም። ስሙም የእርስዎ ነው። ባለቤትነቱ አልተለወጠም ካሉ ክሱ የሚቆምበት መሠረት የለም። ተለውጧል ካሉ ግን ማሳወቅ ነበረብዎ፤ ሠርግ ላይ መናገር ማሳወቅ አይባልም። አስበው ይመልሱልኝ። መኪናዋ የማን ናት?»

ከኋላ ሙሌ ሳል ያዘው፤ እንደዚያ ዓይነት ሳል በሽታ የለም። ሃና ከባሏ ጎን ቆማ በዓይኗ «የኔ ናት በል፣ የኔ ናት በል» ትለዋለች። የሺዋስ እጇን ይዟል። አሻግሬ ሁሉንም አየ። ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የሃና ናት» አለ።

ሙሌ ሳሉን አቆመ።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህች ልጅ የሰው ልብስ ስትለብስ ነው ያደገች። የሰጡንን እግዜር ይስጣቸው። ግን ምንም ይዤላት ስገባ፣ ይሄ የማን ነበር ትለኝ ነበር። ዛሬ እኔ እዚህ የኔ ናት ብል ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። ልጄ ግን የአባቷን መኪና ስትነዳ የኖረች ትሆናለች። ቢሮ አለመሄዴ ጥፋት ከሆነ አጥፍቻለሁ። አለማወቅ ነው፤ መደበቅ አይደለም። መኪናዋ ግን የሃና ናት።»

ዳኛዋ ብዕሯን አነሣችና የተናገረውን ጻፈች። ከዚያም «ከሰዓት በኋላ ተመለሱ» አለች።

ያችን ምሳ ማንም በቅጡ አልበላም። ሙሌ ጃንጥላው ሥር ቆሞ፣ «የተከፈተ በር ትቶ በመስኮት የሚዘል ሰው» እያለ ለሰማውም ላልሰማውም ይነግራል፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል። መሪጌታ ከአሻግሬ ጎን አጥሩ ሥር ተቀመጡና ሲቆዩ፣ «ጥማድ በሬዬ አነሰ» አሉት ቀስ ብለው። «ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ሲመለሱ ጸሐፊዋ ፍርዱን አነበበች። የሕግ ቁጥሩ፣ የቀኑ፣ የመዝገቡ ነገር በአሻግሬ ጆሮ እንደ ሩቅ ወንዝ አለፈ። ከዚያ ግን አንድ ቦታ ላይ ጆሮው ቆመ። «…መኪናዋ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ የወይዘሮ ሃና አሻግሬ ንብረት መሆኗ በተከሳሹና በምስክሮች ቃል የተረጋገጠ ሲሆን፣ ተከሳሹ ይህንኑ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ባለማሳወቁ ጥፋተኛ ሆኖ…»

አሻግሬ እጁን አወጣ።

«ክብርት ዳኛ፣ ያችን ቢደግሙልኝ።»

«የቱን? ጥፋተኛ የሚለውን?»

«ከሱ በፊት ያለችውን።»

ጸሐፊዋ ዳኛዋን አየች፤ ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች። ጸሐፊዋም ያችን ዓረፍተ ነገር ዝግ ብላ፣ ሃና አሻግሬ የሚለውን ረገጥ አድርጋ ደገመችለት። አሻግሬ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። በዚያ ችሎት ጥፋተኛ ተብሎ እንደዚያ ፊቱ የበራ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ቅጣቱ ወቀሳ ሆነ፤ ዛሬውኑ ሄዶ ስሙን ማዛወር አለበት። ዳኛዋም ወቀሳዋን ለመናገር ስትሞክር ቆጣ ያለ ፊት ማምጣት አቃታት።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስጦታ ሲሰጡ በቀጥታ ቢሮ ይሂዱ። እሺ?»

«ሁለተኛ የምሰጠው የለኝም፣ ክብርት ዳኛ። ያለችኝን ሰጥቻለሁ።»

ከፍርድ ቤቱ እስከ ቢሮው በእግር ሄዱ፤ አሻግሬ ከፊት፣ መሪጌታ ከጎኑ፣ መኪናዋ ከጎናቸው፣ ሰዉ ከኋላ። ታደለ ቀድሟቸው ገብቶ ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጧል፤ ከናፍሩን በመሐረብ ጠረገ።

«አያ አሻግሬ፣ አሁን አፌ ባዶ ነው። ይንገሩኝ።»

አሻግሬ ነጠላውን አስተካከለ። መፈረም ብቻ በቂ መሆኑን ማንም አልነገረው፤ ወይም ነግረውት አልሰማም። በዳሱ ውስጥ እንደቆመው ቆሞ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ሰማያዊቷን መኪና ለልጄ ለሃና ሰጥቻለሁ» አለ። ለመንጃ ፈቃድ የተሰለፉት ሴቶች እልል አሉ። ሃና ፈረመች። ፊርማዋ እየተጠማዘዘ ሊማሊሞን መሰለ።

ደጅ ሲወጡ ሃና የጋቢናውን በር ከፍታ ቆመች። በተሳፋሪው በኩል።

አሻግሬ በሩን አየ። ዙሪያውን አየ። መሪጌታ ቆመዋል፣ ሙሌ ቆሟል፣ ታደለ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል።

«ስሙ የማን ነው አሁን?» አለ።

«የኔ» አለች ሃና።

«እንግዳ ነኝ ማለት ነው።»

«እንግዳ ነህ። ግባ።»

ከዘራውን አስቀድሞ አስገባ፣ ጉልበቱን በእጁ አንሥቶ ተከተለ። መሪጌታ ካሶኒው ላይ ለመውጣት ሲታገሉ፣ ልጃቸው ከኋላ እየደገፋቸው፣ «ተመስገን፣ እግሬም ነፃ ወጣ» ሲሉ ተሰሙ። ወንበሩ ተለውጧል፤ ሃና በቀይ ጨርቅ አልብሳዋለች። ስፖኪዮው ላይ የእሷ ትንሽ መስቀል ተንጠልጥሏል። ሽታዋ ብቻ የድሮው ነው፤ ናፍጣ፣ ገብስና የሎሚ ልጣጭ።

ሃና ወደ ቤቱ አልወሰደችውም። ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ነዳች፤ ጉሙ ከቆላው ወደ ላይ እየተሳበ ነበር። መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ስትዞር አሻግሬ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ጫን አደረገ።

«አባዬ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ቀጣዩ ጥምዝ ላይም ጫነ። ጋቢናው ውስጥ ከጎኗ እንደተቀመጠ ፊቷን ከጎን እያየ ነበር፤ እሱ መሪ ይዞ በኖረበት ዘመን ሁሉ ከዚያ ወገን አይቷት አያውቅም። አገጯ የአበባየሁ ነው። እስከ ዛሬ እንዴት እንዳልታየው ገረመው።

ዞረው ተመለሱ። መሪጌታንና የሺዋስን ከተማ አወረደች፤ ከዚያ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። የአሻግሬ ቤት የቆርቆሮ በር ሲታይ አሻግሬ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። እጁን አወጣና የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ ጠብ ጠብ አደረገው።

«ወራጅ አለ።»

ሃና ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም።

«አልሰማሁም» አለችና ማርሽ ጨመረች፤ የቆርቆሮ በሩም አለፈ።

አሻግሬ እንደገና መታ። ያን ያህል ግን አጠንክሮ አልመታም።